ሰባት ስፒከር በአንድ ክፍል ቤት

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ተጣሉ። ወንዱ ለቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከር ይበቃል ይላል፤ እህቱ ደግሞ ድምፁ ከኋላም ካልመጣ ፊልም አይባልም ትላለች። ተከራክረው ተከራክረው ወደ እኔ ዞሩ። «እማማ፣ ድሮ ካዛንቺስ ሰባት ስፒከር ነበራችሁ አይደል? በቃ አንቺ ፍረጂ!» ልፈርድ አፌን ስከፍት ሌላው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝና ፍርዱ ቀረ። ከዚያ «ንገሪን፣ ንገሪን» ሆነ። የእናታቸው ነገር ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነገርኳቸው። ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ወዲያ ወዲህ ብል አትቀየሙኝ።

ባለቤቴ ላንቻ ወፍጮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ሲገባ፣ ልጃችን ትንሽ ሳለች «አባዬ አረጀ!» እያለች ታራግፍለት ነበር። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው። እኔ የሥራ ልማድ ነው ስል፣ ለካ ጆሮው እያለቀ ኖሯል። ታከም ሲባል ይቆጣል። «እኔ ደህና እሰማለሁ! እናንተ ናችሁ የምታንሾካሽኩት።»

ልጃችን አንድ ናት። ቤሩት ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ደህና ሰዎች ገጥመዋት ነበርና ሆም ቲያትር ላከችልን፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና ውፈር የሚሉት መሬት የሚቀመጥ አንድ ትልቅ። ቤታችን የቀበሌ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ያውም አንድ ክፍል። ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከአልጋው በላይ በምስማር ተሰቀሉ። አልጋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ጭንቅላቱን ሳይመታ አይነሳም። ውፈሩ ሲያጓራ ከግድግዳው አፈር ይረግፋል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እጠርጋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አሠሪዎቿ ለሌላ ቤት አሳልፈው ሰጧት። ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ብዙ ወር ቆይቶ አንዲት ከዚያ የተመለሰች ሴት ሲዲ ይዛልን መጣች። የቀረጸቻት እዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ቤት የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት፤ ልብስ የሚሰጣበት ጣሪያ ላይ። ከጀርባዋ የሰው አንሶላ ይውለበለባል።

አባቷ ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ስር ተቀመጠ። ልጄ ፈገግ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«እማዬ፣ አባዬ አጠገብሽ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እየሳቅሁ የማወራሽ። አንቺም ፊትሽን እንዳትቀይሪ።»

ፈገግታዋ ሳይወርድ ሁሉንም ነገረችኝ። ፓስፖርቷን ወስደውባታል። ከዚያች ጣሪያ በቀር የትም አትወጣም። እመቤቲቱ የፈላ ዘይት ደፍታባት ሁለት ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋል። ግራ እጇን በሻሿ ውስጥ እንደደበቀች ነበር። «ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ የደም ግፊቱ ይገድለዋል» አለችና በደህናው እጇ ተሰናበተችን።

«ምን አለች?» አለ አባቷ።

«ደህና ነኝ አለች።»

«ይሄን ሁሉ ስታወራ ደህና ነኝ ብቻ?»

«ናፍቃችሁኛል አለች። አታስቡ አለች።»

«ይሄ ነገር ስፒከር ይጎድለዋል!» አለ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ወሬ ስፒከር ሆነ። እሱ ይጨመር ይላል፣ እኔ አይጨመር እላለሁ። ለግፊቱ የሚያየው ሐኪም ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሙት ብሎኛል፤ እና ቢጨመርና ቢሰማስ? ሲዲውን ባስከፈተ ቁጥር ቀድሜ ድምፁን ቀነስ አደርጋለሁ። ለልጄ እንኳ አላለቀስኩም፤ የማለቅሰው ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ፣ ወረፋ ላይ ነው።

አንድ ቀን ማጫወቻውን ከነሲዲው በፌስታል ይዞ፣ ኡራኤል ጋ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ ዘንድ ሄደ። እስኪመለስ ቆሜ ጠበቅሁት። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። «ልጁ መጥቶ ቤቱን ያየዋል» አለኝ ብቻ።

በሳምንቱ ጠጋኙ ሁለት ስፒከር ይዞ መጣ። በር ላይ ያዝኩት።

«ልጄ፣ በእናትህ፣ አያስፈልግም በልልኝ።»

«እማማ፣ እውነትም አያስፈልግም» አለኝ፤ ግን አይኔን አላየም። ገብቶም ጮክ ብሎ ነገረው። «ጋሼ፣ የሰው ንግግር የሚወጣው ከመሀለኛዋ ነው። የኋላዎቹ ለዝናብና ለአውሮፕላን ናቸው። ይሄ ደግሞ በአንድ ማይክ የተቀረጸ ነው፤ ሰባት ቢሆን ያንኑ ይደግማል እንጂ! ቤቱ ራሱ እኮ ስፒከር ያክላል።»

«አንተ ግጠም! አንዱን ከበሩ በላይ፣ አንዱን ከመስኮቱ።»

ተገጠመ። ባለቤቴ በሩንም መስኮቱንም ከፍቶ፣ የድምፁን መክፈቻ በገዛ እጁ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። የልጄ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ልብስ የሚያጥቡት እጃቸው አረፋ ውስጥ ቀረ። ጎረቤታችን፣ ወንድሟ ለጨርቅ ንግድ ቤሩት የሚመላለስ ሴት፣ በራችን ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሷን በዓይኔ ለመንኳት። ግቢው በሙሉ ሰማ። እሱ ብቻ የልጁን ፈገግታ እያየ ተቀምጧል።

«ምን አለች?» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ደህና ነኝ አለች፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ደህና ናት» አሉ ከኋላዋ ያሉትም፣ አንድ በአንድ። እኛ እንዲህ ነን፤ ክፉ ወሬ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፣ ሲደበቅም አብረን ነው የምንደብቀው።

በማግስቱ ያቺ ጎረቤቴ መጣችና የሰፈሩን ስም፣ የፎቁን መልክ ጠየቀችኝ። ወንድሟ አፈላልጎ፣ ለምኖ፣ ተካስሶ ልጄን ለማስወጣት ከዓመት በላይ ፈጀበት። አባቷ ግን መምጣቷን አላየም። ልትገባ ሁለት ወር ሲቀራት ግፊቱ ጣለው። መርዶዋን ቤት በገባች በማግስቱ ንጋት ላይ ነገርናት። በጎበጡት ጣቶቿ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ነበር የምታለቅሰው።

ያን ያህል የቆየው እኔ ዋሽቼ ስላዳንኩት ነው ብዬ ኖርኩ። ሳይሰማ ሞተልኝ እያልኩ እጽናናለሁ።

ልጄ ወልዳ ካሳደገች በኋላ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ይሄንኑ ስላት አንድ ወረቀት አውጥታ አነበበችልኝ። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ያኔ ጣሪያው ላይ በቀረጸቻት ልጅ በኩል ደርሷት ኖሯል። ጠጋኙ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰምቶታል። «ሁሉንም ሰምቻለሁ» ይላል። «እናትሽ ደህና ናት እያለች ትደክማለች፤ እንደማውቅ እንዳትነግሪያት። ወንድሟ እዚያ የሚመላለሰው ጎረቤታችን ብትሰማ ይበጅሽ ነበር፤ እኔ ግን ጎረቤት ፊት ቆሜ ልናገረው አልችልም። ስፒከር አስጨምሬ በር እከፍታለሁ፤ አንቺው ንገሪያቸው።»