ለዙህር ጅዳ

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በመካነ ሰላም ከሠፈራችን ሴቶች ፊደል የለየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም ስኳር ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ፣ ለብቻዬ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። እንዴት እንደምኮራ አትጠይቁኝ።

አባቴ ለሐጅ ጉዞ አዲስ አበባ ገብተው ደብዳቤ ላኩ። ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እኒያ አክስቴ ገና ከሕመማቸው መነሣታቸው ነው፤ ተደግፈው ተቀምጠው፣ «እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ዓለም» አሉኝ።

ደብዳቤው «ሐሙስ ጧት ከዚህ በአውሮፕላን እንነሣለን፤ አላህ ካለ ለዙህር ሰላት ጅዳ ነን» ይላል።

ዐይኔን አላመንኩም፤ ጧት ተነሥቶ ለቀትር ጅዳ? ወረኢሉ ለመድረስ እንኳ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ጅዳ ደግሞ ከባሕር ማዶ! አባቴ ተሳስተው ነው አልኩ በልቤ። አላውቅም ማለት ሞት ሆነብኝና የራሴን ሒሳብ አነበብኩ፦ «ሐሙስ ተነሥተን ማክሰኞ እንደርሳለን።»

«ያ አላህ! አምስት ቀን አየር ላይ? የት ይተኛል?»

«እያረፈ ነው የሚሄድ፣ እትዬ።»

«ባሕሩ ላይ የት ያርፋል፣ አንቺ?»

«ደሴት አለ» አልኩ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

አክስቴ እዚያው ተሳሉ። «ወንድሜ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ እኔ እንጀራ አልጠቀልልም። እግሩ መሬት እስኪረግጥ እጾማለሁ።» ከሐሙስ ጀምሮ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ እፍኝ ቆሎና ውሃ ብቻ ይቀምሱ ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ ለዐስር ሰላት ሲቆሙ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ።

ጎረቤታችን ሐጂው ደንግጠው መጡ። «አንቱ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ስለት አለብኝ። ወንድሜ ማክሰኞ ጅዳ እስኪወርድ ነው።»

ሐጂው ሳቁ። «ማክሰኞ? አውሮፕላን በቅሎ መሰለዎት እንዴ፣ ሣር ሊግጥ የሚቆም! እኔ በሄድኩ ጊዜ ጧት ተነሥቼ ዙህርን ጅዳ ሰገድኩ። ማነው እንዲያ ያለዎት?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ነበር? «ደብዳቤው ነው» አልኩ፤ በአባቴ ላላከክ።

«በይ አምጪው። እኔ ዐረብኛውን እንጂ ይኸን አላውቅም፤ ጣትሽን እያስኬድሽ አንብቢልኝ።»

ጣቴን በየቃሉ ሥር አስኬድኩ። «ለዙህር ሰላት» ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደተጻፈው አነበብኩት። ሐጂው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መሬት መሬት አዩ። እኔ ግን የአክስቴን ከንፈር ነበር የማየው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አልተቆጡኝም። «አልሐምዱሊላህ፣ ደርሷል» ብለው ውሃ ለመኑ። አሁን ሸምግዬም ያቺ ከንፈር ትታወሰኛለች፤ ብቻዬን ስሆን እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከዚያ በኋላም አክስቴ ደብዳቤ ሲመጣ እኔኑ ያስነብቡኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ «ተባረኪ» ይሉኛል። ከዚያ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩና ገበያው ዳር ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው እንደገና ያስነብቡታል።