ፕሬስ ማለት ጋዜጣ ነው

አክስቴ በሥራ ቦታዋ «ተኳሿ» ትባላለች። ሰው ገድላ አይደለም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። ጠዋት ስትገባ አጣቢዎቹ፣ «ተኳሿ፣ ትናንት ስንት ጣልሽ?» ይሏታል። እሷም ፈገግ ሳትል፣ «መቶ አሥር ሸሚዝ። ሁለቱ ቆስለው አምልጠዋል» ትላለች። የቆሰሉት አንገታቸው ላይ ያረሩት ናቸው።

የእናቴ ታናሽ ናት፤ የምትኖረውም ከእኛ ጋር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተፈትና በእንግሊዝኛ ወደቀች። በዚያው ዓመት አያቴ ሞተ፤ እሷም ካውያ ጨበጠች። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መማር የምትፈልገው ኬሚስትሪ ነው። ምክንያቱን ለሚጠይቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ደም በቀዝቃዛ ውኃ ለቆ በሙቅ ውኃ ለምን ጨርቁ ላይ እንደሚቀር ስትጠይቅ ኖራ፣ «እንዲህ ነው፣ ተይው» ከማለት በቀር የመለሰላት ሰው የለም። ተይው የሚባል ነገር አይዋጥላትም።

አምና በግል ለመፈተን ቆረጠች። ቅዳሜና እሑድ በሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። በሥራ ቀናት ደግሞ ማሽኑ ላይ ቆማ ታነባለች። የምትሠራበት ማሽን ከታች ጠረጴዛ፣ ከላይ ከባድ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሲወርድ እንፋሎት ይተፋል። ሠራተኞቹ «ፕሬስ» ይሉታል። ክዳኑ ወርዶ እስኪነሳ ያለው ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ይበቃል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ምንባቦቹን በላስቲክ ሸፍና ፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፈቻቸው። ላስቲኩ በእንፋሎቱ ሲያልበው በክርኗ እየጠረገች፣ ክዳኑን ባወረደች ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትወስዳለች።

አንድ ቀን ምሳ ሳደርስላት የምታነብበትን ዘዴ ነገረችኝ። ሸሚዝ የሚተኮሰው በተራ ነው አለችኝ፤ መጀመሪያ አንገት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እጅጌ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊው ጀርባ። አንቀጽም እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንገት ነው፤ እሱ ከተጣመመ ጀርባውን ብትተኩሰው ባትተኩሰው ልብስ አይሆንም። በስምንት ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ መምህር አልገጠመኝም።

የእሷ መምህር ግን ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ የሰጠው ምክር «ምንባቡን እንዳታነቡ» የሚል ነበር። ጥያቄውን አንብቡ፣ በጥያቄው ውስጥ ያለችውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጓት፣ ከአጠገቧ ያለውን ምረጡ፤ የሚያነብ ሰው ሰዓት ያልቅበታል፣ ሰዓት ያለቀበት ይወድቃል አላቸው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሁሉ ፊደል መጥራት ሆነ። መምህሩ «አንድ» ይላል፣ ክፍሉ «ቢ» ይላል። «ሁለት» ይላል፣ «ዲ» ይላሉ። መጽሐፉ ሰባት ዓመት ሙሉ ያው አንድ መጽሐፍ ነው፤ የትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተናም ከእሱ ነው የሚወጣው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከአክስቴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው የመጋዘን ጥበቃ፣ ወታደር ሳይሆን በቁመናው ብቻ «ሻምበል» የሚሉት ሰውዬ፣ ሃምሳውን መልስ በአምስት በአምስት እየከፈለ ልክ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዞታል። እሷ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ በስቴፕለር ዘግታዋለች። መልሱን ካየሁት ማንበቤን በምን አውቃለሁ ትላለች።

ሞኝነት የሚለው አይጠፋም። እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። የንባብ ፈተና ለመለማመድ የመጣ ሰው ስላነበበ ሞኝ የሚባልበት ክፍል ምን ይባላል?

የሙከራው ፈተና ደረሰ። ከሃምሳ ሠላሳ ያመጣ ስሙ ለዋናው ፈተና ይላካል፤ ያላመጣ ለከርሞ። ቅዳሜ ጠዋት ውጤቱ በቢሮው በር መስታወት ላይ ተለጠፈ። ሻምበል ሠላሳ። አክስቴ ሃያ ዘጠኝ። በቃል የያዙት ሰዎች ሃምሳ ከሃምሳ ለምን አላመጡም እንዳትሉኝ፤ መምህሩ ከግማሽ በኋላ ያሉትን ጥያቄዎች ቅደም ተከተል አዛውሮት ስለነበር ፊደሉ ከቁጥሩ ጋር ተፋቶባቸው ነው።

እሷ ወረቀቷን ተቀብላ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የመጽሐፏን የስቴፕለር ሽቦ ነቅላ ከመልሱ ጋር አስተያየችው። ከሃያ አንዱ ስህተት ሃያውን ያለ ክርክር ተቀበለች። ይሄን ቸኩዬ ነው፣ ይሄን ቃሉን አላውቀውም፣ እያለች ቀጠለች። አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

ምንባቡ በአንድ ልብስ መስፊያ ውስጥ ስለሚሠሩ ሴቶች ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከፕሬሱ የሚወጣው እንፋሎት የሴቶቹን ፊት እንደሚያቀላው፣ እስከ ምሳም የሚቀመጥ እንደሌለ ይናገራል። ጥያቄው፣ እዚህ ላይ ፕሬስ ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነው። ኤ፣ ጋዜጦች። ቢ፣ መግፋት። ሲ፣ ልብስ መተኮሻ ማሽን። ዲ፣ መጨናነቅ። አክስቴ ሲን መርጣለች። መልሱ ላይ ያለው ኤ ነው።

ክፍል ገብታ እጇን አወጣች። መምህሩ የመልሱን ወረቀት አየና ኤ ነው አላት። ኤ መባሉን እንዳየች፣ ምንባቡ ግን ሲ እንደሚል ነገረችው።

«ፕሬስ ማለት ጋዜጣ ነው» አላት። «ዜና አትሰሚም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ እኔ ትናንት መቶ ሸሚዝ ተኮስኩ ብልዎ ፖሊስ ይጠራሉ?»

«ምን አገናኘው?»

«አይጠሩም። ለምን? ሸሚዝ የምትለው ቃል አጠገቡ ስላለች። ሰው ተኮስኩ ብልዎት ነበር የሚጠሩት። እዚህም እንፋሎት የምትል ቃል አጠገቡ አለች። ጋዜጣ እንፋሎት ይተፋል?»

ከኋላ አንዱ፣ እንደ ጋዜጣው ነው አለና ሳቁ ወደ መምህሩ ዞረ። ያ ነው የጎዳት። ሰው ሲስቅበት የሚያነብ ሰው አላየሁም፤ መምህሩም ምንባቡን ለማየት መጽሐፉን እንኳ አልገለጠም። ከመልስ ወረቀት ጋር አልከራከርም፣ መጽሐፉን ያዘጋጁት ካንቺ የተማሩ ናቸው ብሎ ወደ አሥራ አምስተኛው አለፈ።

ስም ዝርዝሩ የሚላከው ሐሙስ ነበር። ሰኞ ዕለት ከላውንደሪው አለቃ የምሳ ሰዓቷን አስረዝማ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው። አስቀመጣት፣ ምንባቡን ተቀበላት፣ መነጽሩን አድርጎ ሦስተኛውን አንቀጽ ከአንገቱ እስከ ጀርባው አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ልክ ነሽ እህቴ» አላት። «ማሽን ነው።»

ፊቷ በራ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሱ ግን ቀጠለ። መልሱን ላስተካክል ካልኩ ኤ ያሉት ሁሉ አንድ ነጥብ ይወርዳሉ፤ ሠላሳ ላይ የቆሙት ይወድቃሉ፤ ነገ ቤተሰቦቻቸው በሬ ላይ ይሰለፋሉ አለ። ለሁለቱም ያዙላቸው፣ ማንም አይውረድ አለችው። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የለውም ብሎ ሳቀ። በስህተት መልስ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለው።

ከመሳቢያው አንድ ፎርም አወጣና የጥያቄውን ቁጥር ሞላበት። ልዩ አስተያየት ይባላል አላት፤ ፈርሚና አንድ ነጥብ ይጨመርልሻል፣ ሠላሳ ትሞያለሽ፣ ስምሽ ሐሙስ ይሄዳል። እስክሪብቶውንም ከፍቶ አቀበላት። አክስቴ እስክሪብቶውን ይዛ ፎርሙን ማንበብ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ጣቱን የሚፈረምበት ቦታ ላይ አድርጎ ጠበቃት። እሷ ገና አንገቱ ላይ ነበረች።

«ተፈታኟ በጥያቄ አሥራ አራት የሰጠችው መልስ የተሳሳተ መሆኑን አምና፣ በትምህርት ቤቱ ቸርነት አንድ ነጥብ እንዲጨመርላት ለምናለች ይላል» አለች።

«ፎርም ነው እህቴ። ቁጥሩን ሞላሁበት እንጂ ለሁሉም ያው ነው። ማንም አያነበውም።»

«እኔ አነበብኩት። አሁን ልክ ነሽ ብለውኛል።»

«ለአንቺ ነገርኩሽ። ለወረቀቱ አልነገርኩትም።»

ይህን ሲል አንድም ሐፍረት ፊቱ ላይ አላየሁም። እስከ ዛሬ የምቃጠለው በዚህ ነው። ያላወቀ ሰው ቢያጠፋ ይነገረዋል፤ አውቆ በፎርም የሚያጠፋን ሰው ግን በምን ይነግሩታል?

ሐሙስ ድረስ ላስብበት ብላ ፎርሙን ይዛ ወጣች። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ወሬው እሱ ሆነ። እናቴ እልህ ምላጭ ያስውጣል አለቻት፤ በአንድ ፊርማ የሞተ ሰው የለም፣ ፈርመሽ ተፈተኚና ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ሳቂባቸው። እኔም ፈርሚ አልኳት። መጽሐፍ አነባለሁ የምል ሰው፣ እውነትና ውሸት ለይቼ አውቃለሁ የምል፣ አይኔን ሳላሽ ፈርሚ አልኳት። ረቡዕ ደግሞ ሻምበል ቤታችን ድረስ መጣ። እኔ ኤ ያልኩት ምንባቡን አንብቤ አይደለም፣ ዳይሬክተሩ ጋ አብሬሽ ልሂድና የኔን ይሰርዙት አላት። ዓይኑ ውስጥ ግን ፍርሃቱ ይታይ ነበር፤ የአራት ልጆች አባት ነው፣ ይህ አራተኛ ሙከራው ነው።

«አንተ ምን አጠፋህ ወንድሜ» አለችው። «እንዳታነብ ተነግሮህ አላነበብክም። ሂድ ተፈተን።»

ከሄደ በኋላ እናቴ፣ እሺ አንቺስ ምን አጠፋሽና ነው ራስሽን የምትቀጪው ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ትንሽ ነው፣ እቴ» አለቻት። «ከዚያች ትንሽ ውስጥ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከማንም ሳልቀዳ ያወቅኳት አንዲት ቃል ብትኖር እሷ ናት። እሷንም አላውቃትም ብዬ ልፈርም?»

 

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ቢሮው ሄድን። ፎርሙ ላይ ያንን መስመር በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ሰርዛ፣ ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ፣ መልሴ ትክክል ነው፣ ነጥቡን የምጠይቀው ስለሚገባኝ ነው ብላ ጽፋ ፈርማበታለች። ዳይሬክተሩ አየውና ፎርሙ ተበላሽቷል፣ የተሰረዘ ወረቀት ላይ ማኅተም አይመታም አለ። ሌላ ፎርም ልስጥሽ አላት፤ ሌላውም ያው መስመር አለው። አልወሰደችም። አምስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን በፖስታ አሽጋ ስትወጣ በኮሪደሩ ላይ አጠገባችን አለፈች። የሷ ስም የለበትም።

ፈተናው በተሰጠበት ቀን አክስቴ የአንድ ሆቴል አንሶላዎች ስትተኩስ ዋለች። ግድግዳው ላይ ምንም የተለጠፈ ነገር አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ሻምበል አንድ መጽሐፍ ይዞ ላውንደሪው ድረስ መጣ። ትምህርት ቤቱ ለአዲሶቹ ተማሪዎች መጽሐፉን እንደገና አሳትሞታል። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አሳያት፤ አሥራ አራት፣ ሲ። አስተካክለውታል። ማን እንዳገኘው፣ ማን እንደተጎዳበት አንዲት ቃል የለም። መምህሩም ዘንድሮ ክፍሉን ሲ እያስባለ ነው አላት ሻምበል፤ አሁንም ምንባቡን ሳያስነብብ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄደች። እኔ ትጮህባቸዋለች ብዬ ነበር፤ መጮህ ይገባትም ነበር። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን በእጇ ሲያይ ፈገግ ብሎ፣ አየሽ፣ ሰማንሽ እኮ አላት። ዘንድሮ ተመልሰሽ ተመዝገቢ፣ ቦታሽ አለ አላት። ስመዘገብ ያስረከብኳችሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬን ስጡኝ፣ ሌላ ቦታ ነው የምመዘገበው አለችው። ፋይል የሚፈልገው ሠራተኛ የለም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ አሏት። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልተሟገተችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ እዚያው ናት፣ ስትመለስ እዚያው ናት። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጸሐፊዋ ተነጫንጫ ራሷ መዝገብ ቤት ገባችና አቧራውን እየነፋች ፋይሉን ይዛ መጣች። የመረከቢያውን ደብተር ገፍታላት፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አለቻት።

አክስቴ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ከላይ ጀምራ አነበበችው። የወላጅ አባቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ጸሐፊዋ፣ ምን ችግር አለው፣ ይገባል እኮ አለቻት። አክስቴ እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እስኪታረምም ጠበቀች።