ያላየናት ሴት ለቅሶ

ሰናፍጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲፈነዳ የሚያሰማውን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም፤ ጣ ጣ ጣ ይልና ቶሎ ክዳን ካልተደፋበት ፍሬው እየዘለለ ምድጃውን ያዳርሰዋል። እኔ በምኖርባት የሆላንድ ከተማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይህ ድምፅ ከታችኛው ፎቅ በመስኮት ሽቅብ ይመጣል፣ ሽታውም ተከትሎት ይገባል። ከታች ማን እንደሚኖር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እዚህ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በፖስታ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ስም ነው፣ የእኔ ጎረቤት ደግሞ ስሙንም አልጻፈ። ድምፁ በመጣ ቁጥር ግን የያዝኩትን አስቀምጬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈራችን እመለሳለሁ፣ ማላር የምትባል ህንዳዊት ግቢያችን ውስጥ ወደ ኖረችበት ዘመን።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ትልቁን ቤት ለኪራይ ለቅቃ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ብሩክን ይዛ ሰርቪሱ ውስጥ ገብታ ነበር። ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከህንድ ከመጡት መምህራን አንዱ የሆነው ዶክተር ራጃን ከሚስቱ ከማላር ጋር ሻንጣዎችና አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ ይዞ በራችን ላይ ከባጃጅ ወረደ። ሠፈሩ እንዳለ ሊያይ ወጣ፤ እንግዳ ሲመጣ ማፍጠጥ በእኛ ዘንድ የአቀባበሉ አንዱ ክፍል ነበር። ማላር ግን እኛንም ቤቱንም ሳታይ በቀጥታ ጓሮ ወዳለው የሀለኮ ዛፍ ሄደች፣ ሌላው አገር ሽፈራው ወደሚለው፣ እኛ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለን ወደምንበላው፣ ግንዱንም በመዳፏ ነክታ ቆመች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። እናቴ ይቺ ልጅ ዛፍ አይታ አታውቅም እንዴ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ጠይቄ የተረዳሁት፣ የዚህ ዛፍ ወንድም በእናቷ ጓሮ እንደቆመ ነበር።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፣ በመስቀል ሥጋ ሳይቀምስ የሚውል ጎረቤት ካለ ነውሩ የሠፈሩ ነው። ስለዚህ እናቴ አበባ የተሳለበትን ብቸኛ ጥሩ ሳህናችንን አውጥታ፣ ጥብስ ሞልታ በእኔ ላከች፣ ሳህኑም ብዙ ሳይቆይ ጥብሱን እንደያዘ፣ ከጎኑ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ የሩዝ ዳቦ ተጨምሮበት ተመለሰ። እናቴ መጀመሪያ ተቀየመች፤ ሴትዮዋ ሥጋ የሚባል ነገር በሕይወቷ ቀምሳ እንደማታውቅ ስነግራት ግን ቅያሜው ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ፣ ይህን ሁሉ መከራ እንዴት ቻለችው ብላ። በማግሥቱ ሀለኮ ከበቆሎ ዱቄት ድቡልቡል ጋር ቀቅላ ላከች፣ ሳህኑም በምስር ወጥ ተሞልቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ያ ሳህን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ባዶ ሳህን መመለስ በእኛ ነውር ነው፤ በማላር አገርም ነውር ኖሮ፣ ሁለቱ ሴቶች የመጨረሻዋ ተቀባይ ላለመሆን እየተሽቀዳደሙ እኔን ከሰርቪሱ ትልቁ ቤት፣ ከትልቁ ቤት ሰርቪሱ ሲያመላልሱኝ ከረሙ።

ጥር ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የአርባ ምንጮች ከተማ እየተባልን ቧንቧችን ይደርቅ ነበር፤ ዛሬ የውሃ መሐንዲስ ሆኜም ይህ ነገር በቅጡ አልገባኝም። እናቴ ማለዳ ተሰልፋ ከቀዳችው ውሃ አንዱን ጀሪካን ማላር በር ላይ አስቀምጣ እንዳላስቀመጠች ትሆን ነበር። ማላርም ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን በኮኮናት ዘይት አሽታ እንደ አገሯ ልጆች በአንድ ረጅም ጉንጉን ትሠራኝ ነበር፤ ክፍል ከእኔ ቀድሞ ሽታዬ ይገባ ነበር። እናቴ የዶርዜ ልጅ ናትና እጇ ከእንዝርት አይለይም፣ ራጃን ሥራ ሲውል ማላርን በሀለኮው ጥላ አስቀምጣ፣ ጥጥ እየፈተለች አማርኛ ታስተምራት ነበር፣ የራሷ አማርኛ በጋሞኛ ላይ የተደረበ ስለነበረም ማላር የተማረችው አማርኛ ቅላፄው ሁሉ የዶርዜ ሆኖ ቀረ። ለሰው ሚስት ይህን ያህል ለምን ትደክሚያለሽ ብዬ አንዴ ጠይቄያት፣ ለትዳር ከደጋ ብርድ ወደዚህ በወረደች ሰሞን ወባ ጥሏት፣ ስሟን እንኳ የማታውቅ ጎረቤት አጥሚት እያጠጣች እንዳነሳቻት ነገረችኝ። ለእናቴ ሲቀላ የሰው አገር ነበረች፣ የተወለደችበት ተራራ ከበራችን ላይ የሚታይ ቢሆንም።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መጥቶ ማንጎው ሲንዠረገግ፣ ከጫካው የሚመጡት ዝንጀሮዎችና የሠፈሩ ልጆች እኩል ይሻሙት ነበር። ማላር እኛ እስኪበስል የምንጠብቀውን ማንጎ በጥሬው ቆርጣ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽታ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አቆየችልን፣ እናቴም መጀመሪያ ፊቷን አጨማዳ ቀመሰችውና፣ ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች እንደ ራሷ ፈጠራ ታስቀምስ ጀመር።

ሐምሌ መጣ፣ ተራራው ደመና ለበሰ፣ አንድ ማለዳም እናቴ ሳህናችን እንዳልተመለሰ ልብ አለች። ከማላር ማድቤት ይሰማ የነበረው የሰናፍጭ ድምፅም ጠፍቶ ሰንብቷል። ራጃን ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል እናቴ እኔን ጎትታ ፊቱ አቆመችኝና ማላርን አሟት እንደሆነ አስጠየቀችኝ። እሱም ጫማውን እያየ፣ የማላር እናት እንዳረፈች፣ ስልኩ ቢሮ ሳለ እንደደረሰው፣ ለምሳ ሲገባ እንደነገራት፣ በአገራቸው ሬሳ ስለማይቆይ ከዚህ ተነስታ ልትደርስ እንደማትችልና ሰው ማስቸገር እንዳልፈለጉ ነገረኝ። ተረጎምኩላት። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው።

«መርዶ በእኩለ ቀን?» አለች እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ እየጣለች። «ለብቻ ሰው?»

ይህን ለራጃን አልተረጎምኩለትም።

ገብተን ስናያት ማላር ወለል እየጠረገች ነበር፣ የተጠረገውን ወለል ደግማ። አላለቀሰችም፣ እህል አልቀመሰችም፣ እናቴ ስታቅፋት እንደ እንጨት ደርቃ ቆመችና «ችግር የለም፣ አካ» አለቻት፤ አካ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እናቴን እንዲያ ነበር የምትጠራት። ወጥታ ያለቀሰችው እናቴ ናት። ከዚያም ለቅሶው ውስጧ ከቀረ ይቺ ልጅ በሰው አገር ትታመምብናለች ብላ፣ የእድራችን ዳኛ ወደነበሩት ወደ ጋሽ ማሴቦ ቤት ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ማሴቦ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ደንብ አክባሪ ነበሩ፣ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት የባሰ ያስቸግራል።

«አማረች፣ ሰዎቹ የእድሩ አባል አይደሉም» አሉ። «ሟቿም ያለችው ህንድ ነው። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ፣ ለማን ድንኳን እንተክላለን?»

«እኔስ አባል አይደለሁም ወይ?» አለች እናቴ። «ሞቱ የገባው በእኔ በር ነው።»

ጋሽ ማሴቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን መረመሩ። በመጨረሻ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ እንዲወጡ ፈቀዱ፤ ጥሩምባ ግን እንደማይነፋ፣ የሚመጣ ሰው ቢኖር በራሱ ፈቃድ እንደሚመጣ አስጠነቀቁ።  ስንመለስ እናቴ የፈራችው ገብቶኝ ነበር፤ ድንኳን ተተክሎ ሰው ካልመጣ፣ ማላር ብቻዋን መሆኗን በዓይኗ ልታየው ነው።

ሰው መጣ። ከሁሉ ቀድመው የመጡት ጋሽ ማሴቦ ራሳቸው ነበሩ፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀጥሎ የማንጎውን አሠራር የተማሩት ሴቶች፣ ቀጥሎ ከማላር ጋር በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም ሲባባሉ የኖሩት ሁሉ። ማላር ሥጋ እንደማትበላ ሠፈሩ ያውቅ ስለነበር ለቅሶው እስኪያልቅ ሥጋም ቅቤም የነካው ድስት በበራችን አልገባም፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሲጾሙ እናሾፍ የነበርነው እኛ ጴንጤዎቹ በሽሮና በሀለኮ ጾምን፣ እነሱም ይህን እያነሱ ለዓመታት ሲስቁብን ኖሩ።

ለቅሶ ቤት ሟች ትነሳለች፣ ደግነቷም አመሏም ይወራል፤ ድንኳኑ ሞልቶ ግን ስለዚያች ሴት አንድ ነገር የሚያውቅ አልነበረም፣ ስሟን እንኳ። ማላር ፍራሹ ላይ ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣለች፣ ሴቶቹ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እናትሽ ምን ትወድ ነበር በያት» አለችኝ።

ጠየቅኳት። ማላር አየችኝና፣ ሻይ አለች። እናቷ ሻይ ምላስ እስኪያቃጥል ትወድ ነበር፣ ለብ ያለ ያመጣላት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወቀስ ይውል ነበር። ይህን ስተረጉም ከኋላ አንዲት አሮጊት የእኔም እናት እንዲያው ነበረች አሉ፣ ሴቶቹም ሳቅ አሉ፣ ማላርም ሳቃቸውን አይታ ቀጠለች። አውቶቡስ ስትሳፈር የመስኮት ወንበር ካላገኘች ትጣላ ነበር፣ እንሽላሊት ትፈራ ነበር፣ ከጓሮዋ ዛፍ ቅጠል ለጠየቃት ሁሉ ትሰጥ ነበር፣ ቅርንጫፍ የሰበረባትን ግን እየተሳደበች እስከ መንገዱ ታባርረው ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ቀና አለችና በድንኳኑ ጫፍ የሚታየውን የእኛን ሀለኮ አየች፣ እንግሊዝኛውን ተወችውና «አማ» ብላ ጮኸች። ይህን ቃል ማንም ተርጉሚልን አላለኝም። ሴቶቹ ተነስተው ከበዋት አለቀሱ፣ እናታቸውን የቀበሩትም፣ እናታቸው በሕይወት ያለችላቸውም፣ እኔም አለቀስኩ። አመሻሽ ላይ ማላር ከባለ አበባው ሳህን ሽሮ በላች፣ እናቴ በእጇ እያጎረሰቻት።

የራጃን ውል አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ማላር ሳህኑን ጣፋጭ ሞልታ አመጣችልን፣ እናቴም ጣፋጩን ገልብጣ፣ ሳህኑን የደረቀ የሀለኮ ቅጠል ሞልታ መለሰችላት። ይዘሽው ሂጂ፣ አንድ ቀን ሞልተሽ ታመጪዋለሽ አለቻት። አላመጣችውም፣ ህንድ ሩቅ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ግን ትደውል ነበር፣ ሁለቱም በአንዴ እየተናገሩ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ሳይሰሙ፣ ደስ ብሏቸው ይዘጉ ነበር።

እናቴ ዓምና አረፈች። ብሩክ ሲደውልልኝ ቢሮ ነበርኩ፣ እኩለ ቀን ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም፣ ቀብሩም እንደ ልማዱ ወዲያው ተፈጸመ። የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው፤ አበባና ሁሉም የፈረሙበት ካርድ ሰጡኝ፣ የፈለግሽውን ያህል እረፍት ውሰጂ አሉኝ፣ ብቻዬን መሆን የምፈልግ መስሏቸውም በአክብሮት ራቁኝ። ችግር የለም አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ወለል መጥረግ ጀመርኩ፣ የተጠረገውን ደግሜ እየጠረግኩ እንደሆነ ያወቅኩት ስልኩ ሲጮህ ነው።

ማላር ነበረች፣ ብሩክ ነግሯት። እግዚአብሔር ያጽናሽ አላለችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝም። ያንኑ በሀለኮው ጥላ የተማረችውን አማርኛ፣ በእናቴ ቅላፄ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እናትሽ ምን ትወድ ነበር?»

እሷ ታውቃለች፣ ምናልባትም ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ቢሆንም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት፤ ባዶ ሳህን መመለስ አትወድም ነበር አልኩ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ያሳዝናት ነበር አልኩ፣ አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ቆማ ተራራዋን ማየት ትወድ ነበር አልኩ፣ ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ።

«አውቃለሁ» አለች ማላር። «ቀጥይ።»

ያኔ ድንኳን ሙሉ ሰው ነበር፣ ለእኔ የደረሰችልኝ በስልክ ያለች አንዲት ሴት ናት፣ ያለቀስኩት ግን በዚያ ድንኳን የተለቀሰውን ያህል ነው። ያን የድንኳኑን ቀን እናቴ ምን እየሠራች እንደነበር አሁን በሰው አገር ሆኜ የበለጠ ይገባኛል። ዛሬም ቅዳሜ ነው፣ ሰናፍጩም ከታች ሲፈነዳ ሰምቻለሁ። እዚያ ማን እንደሚኖር ገና አላውቅም፤ ሳህን ግን ገዝቻለሁ፣ አበባ ያለበት።