ለበዓል እመጣለሁ

ገና በደንብ ሳይነጋ የብዙ ሰው ኮቴ አንድ ላይ ሲመጣ ከሰማሁ፣ ይኸው ዛሬ የልጅ እናት ሆኜ እንኳ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ይሁኑ ለሥራ የሚወጡ ልቤ እያወቀው ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ፣ በራችንን አልፈው ሲሄዱ ነው ቀልቤ የሚመለሰው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅብኝ ነበር፣ የእንቁጣጣሹን ነገር ከነገርኩት ወዲህ ግን መሳቁን ትቷል።

ያደግነው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት የኪራይ ግቢ ነበር። እማዬ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ አባዬ ወታደር ነበር፣ ሃምሳ አለቃ። ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ከኖረው በስልክ የኖረው ስለሚበልጥ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ አብጠርጥረን የምናውቀው ፊቱን ሳይሆን ድምፁን ነበር፤ ሲደክመው፣ ሲያመው፣ አለቃው አጠገቡ ቆሞ ሲሰማው፣ ሁሉንም ገና «ሄሎ» ሲል እንለየው ነበር። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ሁሌም «ለበዓል እመጣለሁ» ይለን ነበር። የትኛው በዓል እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም። እኛ ደግሞ ልጆች ነን፣ የሚመጣው በዓል ነዋ!

ገና ሲደርስ ድሬ ያን የተረገመ ሙቀቷን ትንሽ ጋብ ታደርገውና፣ ሰዉ ሁሉ በረደኝ እያለ ሹራብ ያወጣ ነበር፤ ደገኛ ቢያየን በሳቅ በሞተ። ያን ሰሞን ናቲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ የግቢው በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። እማዬ ዶሮውን ሠርታ፣ ፈረሰኛውን ለአባወራው ለይታ፣ በትንሿ ድስት ታስቀምጥለት ነበር። በዓሉ ያልፋል፣ አባዬ አይመጣም፣ ፈረሰኛው ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ሰንብቶ መጨረሻ ላይ ናቲ እየተነፋረቀ ይበላዋል። «መንገድ ተዘግቶበት ነው» ትል ነበር እማዬ፤ ያ መንገድ ደግሞ ለእኛ ተከፍቶ አያውቅም። እኔ «ትልቋ» ስለነበርኩ ማልቀስ አይፈቀድልኝም፤ ስለዚህ በየበዓሉ ዋዜማ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ውኃ ከባልዲ ባልዲ እየገለበጥኩ አለቅስ ነበር። ሲበቃኝ ወጥቼ ሽንኩርት መላጥ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔ ቢቀላ ማን ይጠይቃል!

ፋሲካ ሲመጣ ሙቀቱም ተመለሰ፣ የግቢያችን ልጅ የሜሮንም ነገር የሆነው ያኔ ነው። የእሷም አባት ወታደር ነበር። ትልልቆቹ ክፉውን ወሬ በሕማማት ሰምተው «ልጆቹ በዓሉን ይብሉ» ብለው ደብቀውት ኖሮ፣ በፋሲካ ቀን ሜሮን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ስትሽከረከር ሰው ሁሉ ይስማታል፣ ሰው ሁሉ ብር ይሰጣታል፤ ፊት ለፊታችን ያለችው እትዬ ዘሃራ ግን ሜሮንን ባየች ቁጥር ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋ ነበር። እኔ ቀንቼባት ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ማለዳ መጡ፤ ከፊት የንስሐ አባታቸው፣ ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ፣ ከኋላ ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር። እናቷን «እስቲ ቁጭ በይ» አሏት። የቀረውን ባልናገር ደስ ይለኛል። ያን ቀን መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አወቅሁ፤ በበዓል ቀን እንደማይመጣም አወቅሁ፣ ይህችኛዋን እንደ ክታብ ያዝኳት።

ክረምት ገባ። ድሬ ላይ ክረምት ማለት እዚያው ሙቀቱ ላይ አቧራና ጎርፍ ሲጨመርበት ነው። አባዬ ሰኔ ላይ ደውሎ፣ «የምንሄድበት ኔትዎርክ የለም፣ ብጠፋ አትጨነቁ፣ ለበዓል እመጣለሁ» አለና ጠፋ። ሐምሌ ዝም፣ ነሐሴ ዝም። እማዬ ፋብሪካ ስልክ ይዛ መግባት ስለማትችል ስልኳን ለእኔ ትታ ትሄድ ነበር፣ እኔም ውኃ ስቀዳም ሱቅ ስላክም ከእጄ አልለየውም ነበር። አንዴ የማናውቀው ቁጥር ሲደውል ናቲ ነጥቆኝ «አባዬ?» አለ፤ ሽንኩርት ገዢ የሚፈልግ፣ ከድሬ ወጣ ካለው ከመልካ ጀብዱ የሚደውል ሰውዬ ነበር፣ ቁጥር ተሳስቶ። ናቲ ሲያለቅስ ሰውዬው ሽንኩርቱን ረስቶ፣ «አቦ አታልቅስ፣ አባትህ ይመጣል፣ ወላሂ ይመጣል» እያለ ካርዱ እስኪያልቅ አባበለው። ማታ ለእማዬ ብነግራት ፈገግ ትላለች ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ጳጉሜን ላይ እማዬ የማትነካ እሳት ሆነች። በጀሪካኑ ትቆጣለች፣ በመጥረጊያው ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ አቅፋን ፀጉራችንን ትስማለች። «በዓሉን ዝለዪው» ያለቻት የሥራ ባልደረባዋ ነበረች መሰለኝ፣ «ልጆቼ የሰው እጅ አያዩም» ብላ እየተንገበገበች መጣችና፣ ዶሮውንም፣ ደብተሩንም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንንም ገዛች። የዋዜማው ለት እኔ እንደለመድኩት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ያን ያህል ያለቀስኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሲወጣልኝ ግን ቀለለኝ፤ ነገ በዓል ነው፣ በበዓል ቀን ማንም አይመጣም።

የእንቁጣጣሽ ለት ማለዳ እማዬ ድስቷ ላይ ተደፍታለች፣ ናቲ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ አዲስ ጫማውን ያስራል፣ እኔ አበባዬን ይዤ ከጓደኞቼ ጋር ልዞር ተነስቻለሁ። ኮቴ ሰማሁ፣ የብዙ ሰው ኮቴ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጋሽ በቀለ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ከእሱ ኋላ ዩኒፎርም የለበሰ የማላውቀው ወታደር። እንዴ! በበዓል ቀን! መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፣ የተካድኩ ነው የመሰለኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ሕግ እነዚህ ሰዎች እንዴት ያፈርሳሉ?

«ወለተ ማርያም» አሏት አባ በክርስትና ስሟ፣ ቀስ ብለው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ከዚህ በላይ ምን ይበሉ! ማማሰያው ከእማዬ እጅ ወደቀ። «ወዮ! ወዮ ልጆቼን!» ብላ ስትጮህ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ውስጥ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ነጠላዋን ከላይዋ ወርውራ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተዘረጋች። ናቲ በአንድ እግሩ ጫማ አልጋ ሥር ገባ። አባ «ኧረ ስሚኝ! ኧረ ደግ ነው!» ይላሉ፣ ማን ሰምቷቸው! እትዬ ዘሃራ ሻሿን እንኳ ሳታስር ግቢውን አቋርጣ እየሮጠች መጥታ እማዬ ላይ ተደፋች። «ያን ወንድሜን! ያን ደጉን! አንድ ቀን ክፉ ከአፉ የማይወጣውን!» እያለች ሙሾ ታወርድ ጀመር፤ ባለፈው ሲመጣ በቧንቧ ተራ የተነሳ የተሰዳደቡትን ስድብ ግቢው በሙሉ ሰምቷል። እኔ በሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እንባ ብፈልግ አጣሁ።

«እኔ ነኝ! አለሁ! ኧረ አለሁ!»

ያን ድምፅ በሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ጋሽ በቀለን ገፍትሮ፣ ቦርሳው በር ላይ ተሰንቅሮበት እየታገለ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጢሙ አድጎ፣ አባዬ ገባ። ለካ በወታደር መኪና ከዚያ እኛ ከማናውቀው ወታደር ጓደኛው ጋር ሊነጋጋ ሲል ከተማ ገብተው፣ ከቅዳሴ የሚወጡትን እነ አባን መንገድ ላይ አግኝተዋል። አባዬ በቀጥታ ሊገባ ነበር። አባ ናቸው «ድንገት ካየችህ ትደነግጣለች፣ አንተ ከኋላ ቆይ፣ እኛ ቀድመን እናረጋጋት» ያሉት። እንዳትደነግጥ ብለው እኮ ነው!

እማዬ ከመሬት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተነስታ በጥፊ አጮለችውና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ዘሃራም ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «አቦ! ያን ሁሉ ያወረድኩልህን ሙሾ አሁን መልስልኝ፣ ወላሂ አንዱም እውነት አይደለም!» አለችው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ አባ ሳይቀሩ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲቀል አባዬ ጠራኝ። ሰው ሁሉ እማዬን «እንዴት ደነገጥሽ» ይላታል እንጂ፣ ከሁላችንም የደነገጠው እሱ ነበር፤ የራሱን ለቅሶ ቆሞ አይቷላ። የምግብ ሳህኑን እንደያዘ፣ ሳይጎርስ፣ «ሁሉም ሲያለቅስ በበሩ በኩል አይሻለሁ። አንቺ ብቻ አላለቀስሽም» አለኝ።

የወቀሰኝ መሰለኝ፣ ተናደድኩ። «እኔማ ለገና አልቅሼልሃለሁ፣ ለፋሲካም አልቅሼልሃለሁ፣ ትናንትም ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼልሃለሁ። ዛሬ ከየት ላምጣ?»

አባዬ ክው አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬም የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች፣ እሷም አታውቅም ነበር። «በየበዓሉ?» አለኝ። «በየበዓሉ» አልኩት። «እኔ እኮ እመጣለሁ የምላችሁ ደስ እንዲላችሁ ብዬ ነው» አለና ሳህኑን መሬት ላይ አድርጎ እጁን ዓይኑ ላይ ጫነ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፣ እኔም ደንግጬ ውኃ ላምጣልህ እያልኩ እንደ ሞኝ ዙሪያውን ዞርኩ።

ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ቆየልን። በመጀመሪያው ቀን በግራና በቀኝ እጃችንን ይዞ ወሰደን፣ ናቲም በየክፍሉ በር ይዞት እየዞረ «ይሄ አባቴ ነው» ይል ነበር። ሊመለስ ሲል ሁለታችንን አስቀምጦ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር አድርጎ ነገረን። «ለገና አትጠብቁኝ። ከመጣሁ ማንም ቀድሞኝ አይገባም፣ ከውጭ ሆኜ በራሴ ድምፅ ነው የምጠራችሁ። ካልመጣሁ ደግሞ አልመጣሁም ማለት ነው እንጂ ሞቻለሁ ማለት አይደለም።» በዚያ ገና አልመጣም። ናቲ ፈረሰኛውን በዕለቱ በትኩሱ በላው፣ እኔም ዋዜማውን እትዬ ዘሃራ ቤት ካርታ ስጫወት አመሸሁ። አሁን እኔ የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው፣ እንደዚያ ዓመት ትምህርቴን በሰላም የጀመርኩበት ጊዜ የለም።

ዛሬ አባዬ ጡረታ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ከእማዬ ጋር እዚያው ሳቢያን ነው። የዛሬው ወታደር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ናቲ! ያ አልጋ ሥር የገባው ናቲ! እሱም ሲሄድ «ለበዓል አትጠብቁኝ» ብሎ ነው የሚሄደው፣ ኔትዎርክ ባለበት ደግሞ በቪዲዮ ፊቱን እያየን እናወራዋለን፤ ለእኛ ያኔ የአባዬ ድምፅም ብርቅ ነበር። ባለፈው እንቁጣጣሽ ከምኖርበት ከከዚራ ሰፈር በባጃጅ ልጄን ይዤ ስደርስ፣ እማዬ ማጀት ነበረች፣ አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የቀረበለትን ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ናቲ ከጠፋ ሰንብቷል።

«አትጠብቁኝ ብሎ የለም እንዴ አባዬ?» አልኩት።

«ብሏል» አለኝ። ስልኩን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ማጀቱ ዞሮ፣ «አንቺ፣ እኔ ስጠፋ እንዲህ ነበር የምትሆኑት?» አላት።

እማዬ ከድስቷ ቀና ሳትል፣ «አንተ ገና ጀማሪ ነህ» አለችው።

አባዬ አልሳቀም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።