በወፍጮ ቤት የፈጠርኳት ሴት

ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ መሥራት የት እንደተማርኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ መጽሐፍ በማንበብ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ ነው። ታሪክ መሥራት የተማርኩት ግን ከዚያ በፊት፣ ደብረ ታቦር በጣሊያኖቹ ጦር ሰፈር፣ ወፍጮ ላይ ጎንብሼ ነው። በተማርኩትም መጀመሪያ የጎዳሁት ሰው አጠገቤ ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ናት።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ጫካ ከገባ ግማሽ ዓመት አልፎታል። ወንድ የሌለበት ቤት ሁሉ ለጦር ሰፈሩ ስንዴ የምትፈጭ አንዲት ሴት እንዲያዋጣ ጭቃ ሹሙ አዘዘና፣ ከጋፋት በኩል ከተሰበሰቡት ጋር እኔንም ነዱኝ። አሥራ ሁለት ነበርን። በየጠዋቱ እንሄዳለን፣ የተሰፈረልንን ስንጨርስ ወደ የቤታችን እንመለሳለን። የምንፈጭበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጭቃ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ጀርባችንን ሲልጠን ይውላል። ዱቄቱ ቅንድባችን ላይ ይጋገራል። በር ላይ አንድ ባንዳ አለንጋ ይዞ ይቆማል፤ የአንዷ መጅ ድምፅ ሲቀንስ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ትከሻዋን ይገርፋታል። በጆሮው ነበር የሚጠብቀን።

ከእኛ መካከል ከጉና እግርጌ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጥርሳቸው የተመናመነ፣ ክንዳቸው ግን እንደ ወንድ ነው። ቀኑን የምንገፋው በእሳቸው ተረት ነበር። ከሁሉም የማስታውሰው የላሚቱን ነው። አንዲት መበለት ላሟ በየማታው ታልባ ትመጣባታለች። ማን እንደሚያልብባት ለማወቅ አንድ ቀን ተከተለቻት። ላሚቱ ሰዎቹ በወረርሽኝ ካለቁበት ወና ቤት ገባች። መበለቷ በሩ ጋ ቆማ ብትሰማ፣ ከውስጥ ወተት ወደ ማለቢያ ሲወርድ ይሰማታል። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። አሮጊቷ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ዝም ብለው ፈጩ። እኛም ቀና ሳንል ፈጨን፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከውስጥ ያለው ማን ይሆን እያልን ፈጨን።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ “እትዬ፣ ለምን እዚያ ላይ አቆሙት?” አልኳቸው።

“እጃችሁ እንዳይቆም ነዋ። በሩን ከከፈትኩላችሁ ተንፍሳችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ቁጭ ካላችሁ አለንጋው ይመጣል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ለመንገድ እየጠየቅኋቸው አብሬያቸው እሄድ ነበር። ሳይሰስቱ ያስተምሩኛል። “ስለ ሰው ስታወሪ ደግ ናት፣ ክፉ ናት አትበይኝ” ይሉኛል። “እጇን አሳዪኝ። ምን እንደምትደብቅ ንገሪኝ። የቀረውን እኔው እፈርዳለሁ።” አገሩንስ እንዴት አድርጌ ላሳይ ስላቸው፣ “አገሩን በአፍንጫ አስገቢው። ቤቱ ምን ይሸታል? ብርዱ በየት በኩል ይገባል? ሰሚሽ አንዴ ከበረደው የቀረውን ሁሉ ያምንሻል” አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ጨዋታ ነበር የቆጠርኩት።

አንድ ጠዋት ተረታቸው ላይ ሁላችንም ሳቅን። በዚያው ቅጽበት አንድ የጣሊያን ሹም በበሩ ያልፍ ነበርና ቆም ብሎ አየን፤ ባንዳውንም አየው። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ባንዳው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሹሙ እንደራቀ ገባና አሮጊቷን በጠመንጃ ሰደፍ መንጋጋቸው ላይ መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሁላችንም ሰማነው። ደማቸው ዱቄቱ ላይ ተንጠባጠበ። ደም የነካውን ዱቄት በእፍኙ እያነሳ፣ “የመንግሥት እህል አታበላሺም” እያለ እንዲውጡት አደረጋቸው። ዋጡት። ከዚያም እስኪመሽ ፈጩ። በማግስቱ አገጫቸውን በመቀነታቸው አስረው መጡ። ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው ቃል አልወጣም።

ቤቱ ዝም አለ። ዝምታው ከአለንጋው ከፋ። በሦስተኛው ቀን ከጋፋት የመጣች ጎረቤቴ፣ “አንቺ ከእሳቸው ጋር ስታወሪ ነበር፤ እስቲ አንድ ነገር በይን” አለችኝ። ስለ አንዲት ደግ ሴት ጀመርኩ። ደግ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ እግዜርን ትፈራለች አልኩ። ማንም ጆሮ አልሰጠኝም። አንዷ አዛጋች። አፈርኩ። ያን ማታ እንደገና ከመሞከሬ በፊት ሰው መምረጥ እንዳለብኝ ወሰንኩ፤ እጅ ያላት፣ የምትደብቀው ነገር ያላት ሰው።

ያቺ ሰው ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። ከገሳይ ያመጧት ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ከእኛ አንድ ወር ዘግይታ መጣች፤ መጅ ግን ይዛ አታውቅም። ሥራዋ ዱቄት መንፋት ብቻ ነው። እኛ ጨለማው ውስጥ ወገባችን እስኪቆረጥ ስንፈጭ፣ እሷ ፀሐይ በምትገባበት በር አጠገብ ትቀመጣለች። ወንፊቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በግራ እጇ ብቻ ትመታዋለች። ባንዳው በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ይነግራታል። መልስ አትሰጠውም፤ ከንፈሯ ላይ ያረፈውን ዱቄት በምላሷ ጠረግ አድርጋ ዓይኗን ወደ ወንፊቱ ትመልሳለች። የሚነግራት ምን እንደሆነ ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም። ፀሐይዋን ነበር የምንጠላባት።

በማግስቱ ባንዳው ከበሩ ራቅ ሲል፣ “በሩቅ አገር አንድ ንጉሥ ነበር፤ ለንጉሡ የሚፈጩ ሴቶች ነበሩ” ብዬ ጀመርኩ። ብርዱን በግድግዳው ስንጥቅ አስገባሁት። የረጠበ ዱቄት ሽታ ጨመርኩበት። ከዚያ በር አጠገብ አንዲት ነፊ አስቀመጥኩ፤ ወንፊቱን ጉልበቷ ላይ አስደገፍኳት፣ በግራ እጇ አስመታኋት፣ ከንፈሯን በምላሷ አስጠረግኳት። መጆቹ ሁሉ እኩል ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። ሴቶቹ ወደ በሩ አይመለከቱም ነበር፤ አለመመልከታቸው ግን ሁሉን ነገረኝ።

የገሳይዋ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ቀን የታሪኬ ነፊ ከበረኛው ጋር የምትለዋወጠው ምልክት እንዳላት ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ምልክቱ ምን እንደሆነ ልናገር ስል አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ገለጥኩት፦ ነፊዋ የሴቶቹን እግር ታያለች። ባሏ ከጫካ በድብቅ የመጣ ሴት ቤቷ ለመድረስ ትቸኩላለችና፣ ማን ቶሎ ጨርሳ እንደምትሮጥ ለበረኛው ትነግረዋለች። ይህን ያወጣሁት ከራሴ ነው። እኔው ባሌ ቢመጣ እንዴት እንደምሮጥ አስቤ ነው። እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ወገቤ አልታመመኝም፣ ብርዱ አልተሰማኝም። አሥር ሴት በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቴ ባል ተያዘ። እሷ ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነበር፤ የተወለደለትን ሕፃን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት እህል ሻጭ መስሎ ከገበያተኛ ጋር ወርዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያው መሃል ሰቀሉት። እኛን ከሥራ አስወጥተው እንድናይ አቆሙን። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ያለቅስ ነበር።

ሰኞ ጎረቤቴ መጣች። ፊቷን ነጭታዋለች። መጇን ሳትይዝ እኔ ዘንድ መጥታ ቁጢጥ አለች።

“አርብ ለት፣ ነገ ይመጣል ብዬ ቶሎ ጨርሼ ነበር የሮጥኩት” አለችኝ።

እኔ መፍጨቴን አላቆምኩም።

“አንቺ ተናግረሽ ነበር። አይተሽ ነው? አይተሽ ነው የተናገርሽው?”

ከዚያ ወዲያ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ያን ያህል የከበደኝ ግን የለም፤ ለዚያኛው አንድ ቃል እንኳ አላወጣሁም። “ፈጠራ ነው፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት” ማለት እችል ነበር። ሴቶቹ ሁሉ መጃቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እንደዚያ የሚያዩኝ ሌላ ጊዜ እንደማይኖር አውቄዋለሁ። ወደ በሩ አየሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። በቃት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገሳይዋ ሴት ውኃ የሚያቀብላት ጠፋ። ስታልፍ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። ጎረቤቴ በአጎቷ ልጅ በኩል ወደ ጫካ መልእክት ሰደደች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሴትየዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ በገሳይ መንገድ ሰዎች ጠበቋት። ራሷን ላጩ፤ ሁለቱንም ጆሮዋን ቆረጡ። “ለጣሊያን የሰማሽበት ነው” አሏት።

ትሞታለች ብለን ነበር። በስምንተኛው ቀን ራሷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ባንዳው አይቷት ሳቀና ወንፊቱን በእግሩ ገፋላት። እሷ ግን በሩ ጋ አልተቀመጠችም። ወንፊቱን ይዛ ጨለማው ውስጥ ገባችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

“ከታሪኩ ያመለጠኝ አለ” አለችኝ ቀስ ብላ። “ነፊዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ?”

“አላውቅም” አልኳት።

“ሳታውቂው ነው የጀመርሽው?”

ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ወፍጮዬ ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱ ጣቶቿ ጠማማ ሆነው ደርቀዋል፤ ከመዳፏ ጋር ተጣብቀዋል።

“ወንድሜ ያለበትን ንገሪ ብለው አንድ በአንድ ሰበሯቸው። አልተናገርኩም። መጅ አይዝልኝም፤ ስለዚህ ወንፊት ሰጡኝ። ያ ባንዳ በየጠዋቱ የሚነግረኝ፣ ‘ዛሬ የቀሩትን እንሰብራቸው?’ እያለ ነው። ግራ እጄን ብቻ ማየትሽ አስገረመኝ። ያን ያህል አይተሽ፣ ቀኙ የት ሄደ ብለሽ አለመጠየቅሽ።”

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሌሎቹ አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ከጉና የመጡት አሮጊት ግን ሰምተዋል። አገጫቸው እንደታሰረ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ወፍጯቸው ላይ እንዳሉ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ። እስኪሞቱ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

የእኔ ባል ደህና ተመለሰ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ እጁን ሰጠ፤ ወፍጮ ቤቱን ሰው ቆርቆሮውን ገፎ ወሰደው። ሁሉንም ለባሌ ነገርኩት። “በጦርነት ስንቱ ይጎዳል፤ ተይው” አለኝ። እኔን ግን አልተወኝም። ሴትየዋን በአገሯ “የጣሊያን ወንፊት” እያሉ እንደሚጠሯት፣ ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዳ ገፍትረው ከኋላ እንደሚያሰልፏት ሰማሁ። አንድ እሁድ ተነስቼ በእግሬ ገሳይ ሄድኩ። ቅዳሴ ሲያበቃ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ቆሜ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ።

“አባቶቼ፣ ይህች ሴት ማንንም አልጠቆመችም። ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቀንቼባት ነው” አልኳቸው።

ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። እውነቱ ያው ነበር፤ አጭር ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም።

አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ አዩኝና፣ “ልጄ፣ አዝነሽላት ነው። መልካም ልብ አለሽ” አሉ። “ግን የሆነውን እኮ እናውቃለን።” ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ይተርኩልኝ ጀመር፤ በሩን፣ ብርዱን፣ የረጠበውን ዱቄት፣ ከንፈሯን በምላሷ መጥረጓን። የሮጠችውን ሴት እግር እንዴት እንዳየች ሲናገሩ ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ምልክቱን ስትሰጥ በዓይኑ እንዳየ በመስቀል ምሎ ጨመረበት። ከእኔ ጋር ትፈጭ የነበረች አንዲት ሴትም እዚያ ነበረች። “ያኔ እንዲህ ተልፈስፍሰሽ አልነበረም ያወራሽው” አለችኝ። “ያኔ የተናገርሽው ነው እውነቱ።”

ሌላ አቀራረብ ሞከርኩ፤ ስለ ጣቶቿ ነገርኳቸው። “ጣቷንማ እግዜር ነው የቀጣት” አለ አንዱ፤ ሰዎቹም ወደየቤታቸው መበተን ጀመሩ።

እሷ ከቅጽሩ ውጪ፣ የግንቡ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። መምጣቴንም መናገሬንም አይታለች። ወደ እሷ ስሄድ በተጠቀለለው ራሷ ሰላምታ ሰጠችኝና፣ “ደክመሻል፤ ሂጂ” አለችኝ። ቁጣም ይቅርታም የለበትም። ዝናቡ ሳይጀምር ቤቷን ዘግታ ወደ ጋይንት በኩል ሄደች አሉ። ማንም አልሸኛትም፤ እኔም አልሸኘኋት።