ክሪክ፣ ሳንቃና አራት ኩሽኔታ

«ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» ሲባል ስሰማ ዛሬም ቆሽቴ ያርራል። እኔ አሰላ ውስጥ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያቃስትበትን ሞተር ብስክሌት በአንድ እጄ ከመሬት አንስቼ፣ ገፋ ገፋ አድርጌ ጥግ አስይዤ የማሳድር ሴት ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስልባችሁ፣ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ድሬሰር ነበር። መድኃኒቱንና መርፌውን በሳጥን ጭኖ አንድ ቀን ወደ ዴራ ይወርዳል፣ ሌላ ቀን ወደ ዲክሲስ ይወጣል። መጀመሪያ የሚሄደው በበቅሎ ነበር። ዝናብ ሲጥል መንገድ ላይ ያድራል፣ እኔም እንቅልፍ የለኝም። በተጋባን በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጥቁር ሞተር ሰጠው። ያን ቀን ከሠርጌ ቀን ይልቅ ተደሰትኩ ብል እግዜር ይታዘበኝ ይሆናል እንጂ ውሸት አይደለም። ድምፁን ከታች ከገበያው በኩል ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ደጅ ነው የምወጣው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ከኋላ አስቀምጠኝ ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም። እሱ ግን «ሰው ምን ይላል?» ይላል፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሰው፣ ሰው! ማን አባቱስ ነው ይሄ ሰው የሚባለው እያልኩ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን ሲሰጥ ሁለት ነገር አስጠንቅቆ ነበር። አንደኛው ሞተሩ ጣራ ሥር ማደር አለበት። ሁለተኛው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ይመጣና ሞተሩን በጎኑ መሬት ላይ አስተኝቶ «ብቻህን አንሳ» ይላል። ያነሳ ሞተሩን ይዞ ይቀጥላል፣ ያላነሳ ያስረክባል። ጮሌ ወረዳ ያለው ድሬሰር ማንሳት አቅቶት ወደ በቅሎው መመለሱን ሰምተናል።

ጣራ ሥር ይደር የሚለውን መጀመሪያ ቀለል አድርገን አየነው። በረንዳ ላይ አቆምነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብንወጣ ጅብ የቆዳ ኮርቻውን ዘንጥሎ በልቶት፣ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ባለቤቴ ወር ሙሉ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ነዳ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቤት ውስጥ ገባ፣ ከእኛው ጋር።

የኪራይ ቤታችን ግን ለሞተር የሚሆን አልነበረም። የአሰላን ጭቃ ለመሸሽ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለው። የፊት ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው። ሞተሩ በበሩ ቀጥ ብሎ ይገባል እንጂ መዞሪያ የለውም፣ እዚያው ከቀረ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ባለቤቴ ሁልጊዜ ማታ የኋላውን በሁለት እጁ ብድግ እያደረገ፣ ስንዝር በስንዝር እየጎተተ ግድግዳ ያስጠጋዋል። ጠዋት ደግሞ እንደገና። ወገቡ ብረት ይመስለው ነበር።

በሰኔ ወር ዴራ ቁልቁለት ላይ አንሸራተተውና ሞተሩ ከነሳጥኑ ላዩ ላይ ወደቀ። ከገበያ የሚመለሱ ሦስት የአርሲ ፈረሰኞች ደርሰው ሞተሩን አነሱለት። አንደኛው እሱን ፈረሱ ላይ ጭኖ አመጣልኝ። ሁለቱ ደግሞ የራሳቸውን ፈረስ እየሳቡ ያን ሁሉ ዳገት ሞተሩን በእግራቸው ገፍተው ከደጃፌ አደረሱት። እርጎ ሰጥቻቸው፣ ለምን እንዲህ ደከማችሁ ብላቸው ጥያቄዬ ገረማቸው። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው እያዩ ከኮርቻ ሳይወርዱ ማለፍ ነውር ነው አሉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሄዱ።

ወጌሻው ወገቡን አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ ለእኔ ነው የነገረኝ። ሁለት ሳምንት ከተኛ በኋላ ቀስ ብሎ መንዳት ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ከባድ ነገር ካነሳ ጎብጦ ይቀራል። ቆጠርኩ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ ወገቡ ካረፈ ፈተናውን ያልፋል። መውደቁ ከተሰማ ግን ሞተሩ ለሌላ ይሰጣል፣ እሱም በዚያ ወገብ በቅሎ ላይ ይወጣል። በእኛና በሞተሩ መካከል የቆመው እንግዲህ ያ ሦስት ደረጃና ያ ጠባብ ክፍል ነው።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከደቡብ መጥቶ አሰላ ላይ ሱቅ ሲከፍት ወዛደር የሚቀጥርበት አቅም አልነበረውምና ኩንታል ስንዴ በሳንቃና በድቡልቡል እንጨት እያንከባለለ ነበር መጋዘን የሚያስገባው። ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሰው ማንሳት ያቃተውን ነገር ሌላ ነገር ያነሳዋል ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ።

ጎሚስታው የአሰላ ተወላጅ ሙስሊም ነው፤ ጎማ መለጠፍ ከጣሊያን የተማረ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ የሚያወራ ጨዋታ አዋቂ። ጉዳዬን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ባልሽን ለማንሳት ነው ወይስ ሞተሩን አለኝ። ስቆጣ ግን ሳቁን ትቶ ከጓሮው ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካሚዮን የተፈታ ክሪክ ጎትቶ አወጣ። እጀታውን ከፍ ዝቅ ባደረጉት ቁጥር ጥርስ በጥርስ እየወጣ ካሚዮን የሚያነሳ ብረት ነው። ካሚዮን ካነሳ ሞተር ምኑ ነው?

አጠር ያለ ወፍራም የጽድ ሳንቃ ቆረጥን። ከሥሩ አራት አሮጌ ኩሽኔታ፣ የመኪና ጎማ የሚሽከረከርበትን ክብ ብረት፣ እንደ እግር ገጠመለት፣ ወደ ጎን እንዲንከባለል። ከላዩ መሃል ላይ ክሪኩን በብሎን አሰረ። ሞተሩ እንዳይጋደል ግራና ቀኝ ሁለት ባላ እንጨት አቁሞ በጠፍር የሚታሰርበትን አበጀ። ለደረጃው ደግሞ ሁለት ረጅም ጣውላ ጎን ለጎን መታልኝ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፤ ወላሂ እኔም ቤት ባስገባሁት» አለኝ።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ በአንደኛ ማርሽ፣ እሱ በጎን በኩል እየተራመደ፣ በጣውላው ላይ እያጓራ ወጣ። ቤት ሲገባ አጠፋው። እኔ ሳንቃዬን በሁለቱ ጎማዎች መሃል አንሸራትቼ ከሞተሩ ሆድ ሥር ከተትኩ፣ በጠፍር አሰርኩ፣ እጀታውን ያዝኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የኋላው ጎማ መሬቱን ለቀቀ። ቀጭ፣ ቀጭ። የፊተኛውም ለቀቀ። ያ ሁሉ ብረት አየር ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ላብ እንኳ አላለኝም! በአንድ እጄ ገፋ ባደርገው ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቁጭ። እልል አልኩ። ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሏት መጣች። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ሲስቅ ወገቡን እያመመው።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ፤ ነሐሴም እየተጋመሰ ነበር። ጠዋት አወጣለታለሁ፣ ማታ አስገባለታለሁ፤ እሱ ከእጀታው አጠገብ እንኳ አይደርስም። ወገቡም ቀን በቀን እየቀና መጣ።

አንድ አርብ ግን ወሬ ደረሰን። ተቆጣጣሪው መስቀልን አይጠብቅም፣ ሰኞ ጠዋት አሰላ ይገባል። ባለቤቴ ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ ባነሳው አልሞትም አለ። እኔም ቢያንስ ማልዶ ሞተሩን ውጭ እናቁመው፣ ክሪኩንም አይየው አልኩ። እስከዚህ ድረስ አእምሮዬ ይሠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስሙ። ወለሉ ተሰነጣጥቋል። ትልቅ ሰው ወደ ቤቴ እየመጣ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ደግሞ ወለል ሳይለቀለቅ እንግዳ አይገባም። ቅዳሜ ጠዋት ጭቃና እበት ለውሼ፣ ሞተሩን እዚያው ክሪኩ ላይ እንደተሰቀለ ትቼ፣ ዙሪያውን፣ ከሥሩም፣ ሁለት ጊዜ ደራርቤ አሳምሬ ለቀለቅኩ። በአሰላ ብርድ አልደርቅ ሲለኝ ከሰል አቀጣጥዬ አደረቅሁት! ሰኞ ጠዋት ሳንቃውን ብገፋ አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አራቱም ኩሽኔታዎች ወለሉ ውስጥ ተቀብረው እንደ ምሰሶ ተተክለዋል። በገዛ እጄ! ግንባሬን መታሁ። ቢላዋ ይዤ በደረቴ ተኝቼ ስፍቅ የጂፑ ድምፅ በር ላይ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ረጅም፣ ካፖርት የለበሰ፣ ሳቅ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነበር። ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና እኔ ከሳንቃው ሥር ስቆፍር ተመለከተኝ። ሦስተኛውን ነቅዬ አራተኛው ላይ ስደርስ ባለቤቴን ጠየቀው። ክንድ ያለው ሰው ይህ ምን ያደርግለታል አለ። ባለቤቴ ለሚስቴ እንዲቀላት ብዬ ነው ብሎ ዋሸ፤ ውሸት ደግሞ አይችልበትም።

ሞተሩን ወደ ደጅ አወጣን። ተቆጣጣሪው ራሱ ይዞ ሣሩ ላይ በጎኑ አስተኛው።

«አንሳ፤ ብቻህን» አለው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ መሪውን ያዘ። ጉልበቱ ድረስ አነሳው። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሞተሩም ከዚያ በላይ አልነሳ አለው። ጎብጦ ይቀራል ያለው የወጌሻው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ማሰብ የለ፣ ምን የለ፣ ሮጬ የኋላውን ያዝኩና አብረን ብድግ አደረግነው።

«ብቻውን ነው ያልኩት» አለ ተቆጣጣሪው።

ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ በዚህ አገር መንገድ ላይ ወድቆ ብቻውን የተነሳ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ዴራ ቁልቁለት ላይ ሲወድቅ የማናውቃቸው ሦስት ፈረሰኞች ከኮርቻ ወርደው አነሱት። እነሱ ያደረጉለትን እኔ ሚስቱ አላድርግለት?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሁለት ወር የደበቅነውን በገዛ ምላሴ ዘረገፍኩት። ተቆጣጣሪው ወደ ባለቤቴ ዞሮ ወድቀህ ነበር ወይ አለው። ባለቤቴ ቀና ብሎ ለመቆም እየታገለ አዎን ጌታዬ አለ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረና ያ ክሪክ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ አለኝ። መቼም የተቆረጠ ነገር ነው ብዬ፣ ቢነጥቀን እንኳ አይቶት ይሂድ በሚል እልህ ከሀ እስከ ፐ አሳየሁት። በጣውላው ወጣን፣ ሳንቃውን ከተትኩ፣ በጠፍር አሰርኩ። እጀታውን እኔ ልያዝ አለና ካፖርቱን ሳያወልቅ ራሱ ከፍ ዝቅ አደረገው። ሁለቱም ጎማ ወለሉን ሲለቅ ቅንድቡ ብቻ ተነሳ። ከዚያ የሞተሩን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል ብሎ ሄደ።

አሥራ ሰባት ቀን ጠበቅን። ሞተሩ ክሪኩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ባለቤቴ በቅሎ ለመዋስ ይዞራል፣ እኔ ምላሴን እረግማለሁ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ፖስታ መጣ። ገና ስቀበለው ውስጡ አንድ ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። ቁልፉ! ሮጬ ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሞተሩ ባለበት ይቆይ ይላል ደብዳቤው። ይሁን እንጂ ወገቡ መዳኑ በሐኪም እስኪረጋገጥ ድረስ ያለ ረዳት ወደ ገጠር እንዳይወጣ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ተከዘ። መሥሪያ ቤቱ ረዳት አይቀጥርም፣ ከየት አመጣለሁ አለ። እኔ እጄን ጠርጌ፣ ወደ ክሪኩ ሄጄ ሞተሩን ቀስ አድርጌ እያወረድኩ ረዳቱ ወንድ ይሁን የሚል አንብበሃል ወይ አልኩት። ደብዳቤውን አገላብጦ እንደገና አነበበው። አይልም።

«ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«ደብዳቤውን አሳያቸው» አልኩት።

በማግስቱ ጫማዬን አጥብቄ አስሬ፣ ነጠላዬን በወገቤ ጠምጥሜ ከኋላው ተቀመጥኩ። የገበያው ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ፤ ጎሚስታው ብቻ ክሪክ እንደሚነቀንቅ ሰው እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሸኘን። ከተማውን ስንለቅ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፣ ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፣ እኔ ደግሞ ፍጠን፣ ፍጠን እለዋለሁ። ዲክሲስ እስክንደርስ ጉሮሮዬ ነቃ።

የባለቤቴ ወገብ በኅዳር ድኗል። ሞተሩን ብቻውን ብድግ ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ወረቀት አምጣ ብዬ ግን አንድም ቀን አላስታወስኩትም፤ እሱም አልሄደም።