ዴልሮዝ ዋይሊ እና የድንጋይ ካባው ወረቀት

ዴልሮዝ ዋይሊ መቀመጥ አትችልም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር ወንበሯ ላይ ከቦርሳዋ በቀር የተቀመጠ የለም። ሴንት ኤልዛቤት በተባለው የጃማይካ አውራጃ፣ ኮረብታ ላይ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆች እሷን በዓይን ሲከተሉ አንገታቸው ይደክማል ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ደግሞ ባሰባት። ልጆቿ በሚቀጥለው ዓመት የሚወስዱት የስድስተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አጭር ምንባብ ይሰጥና የጸሐፊውን ዓላማ ይጠይቃል፦ ማሳወቅ፣ ማሳመን ወይስ ማዝናናት? በልምምድ በደንብ ይመልሱ ነበር፤ ግን በዘዴ። ቁጥር ካለበት ማሳወቅ፣ የሚናገር እንስሳ ካለበት ማዝናናት። ምንባቡን እስከ መጨረሻው የሚያነብ አንድም ልጅ እንደሌለ የገባት ቀን የፈተና መለማመጃ መጽሐፉን ዘጋችና ወረቀት መልቀም ጀመረች፦ የሳል ሽሮፕ መመሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ ፍየል የጠፋበት ጎረቤት የለጠፈውን ሁሉ።

በመጋቢት አጋማሽ በየበሩ የተበተነ ወረቀት ይዛ ገባች። ከመንደሩ በላይ የድንጋይ ካባ ሊከፍት የመጣ ድርጅት ያሰራጨው ነው። አቧራው ከመንገድ አቧራ እንደማይበልጥ፣ ለሰማንያ ሰው ሥራ እንደሚገኝ፣ ለልጆችም የክሪኬት መጫወቻ ሜዳ እንደሚሠራ ይናገራል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ማሳወቅ አለ።

ሻኖይ ኢባንክስ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ማሳመን ነው። ሊነግረን ቢፈልግማ ድማሚቱ መቼ መቼ እንደሚፈነዳ ይጽፍ ነበር። እኛ ቤት እኮ ከሥሩ ነው።"

ዴልሮዝ ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች።

ልጆቹ ጥያቄውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። በዚያ ሳምንት በተጠራው የመንደር ስብሰባ የድርጅቱ ሰው ስለ ሜዳው ሲያወራ ወላጆች ስለ ፍንዳታው ሰዓት ጠየቁት፤ እሱ ግን ወደ ሜዳው ወሬ ተመለሰ። በማግስቱ፣ ጥያቄው ከእሷ ክፍል እንደወጣ የሰሙት ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሊንዶ ዴልሮዝን አስጠርተው ከመጽሐፉ እንዳትወጣ ነገሯት። እሺ አለች፤ ግን አላስቻላትም። መጽሐፉን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ በመስኮት ኮረብታውን ታያለች። የሻኖይ አባት ካባው ላይ ሾፌር ሆኖ ሊቀጠር መሆኑን ሰምታ፣ በልጅቷ ቤት ጣጣ አምጥቼ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች።

አባትየው ግላድስተን ዓርብ በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት።

"ቲቸር፣ ልጄን ምን አደረግሽብኝ?" አላት። "ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ እያነሳች፣ ይሄ ምን ፈልጎ ነው ትለኛለች። የስኳር ከረጢት እንኳ አልቀራትም።"

ይቅርታ ልትጠይቀው ስትል ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሥራ ውሉ ነበር። ሻኖይ ግማሹን አንብባ ቃላቱ ሲከብዷት ቲቸር ጋ ውሰደው ብላዋለች። አጥሩን ተደግፈው አብረው አነበቡት። ሥራው የሦስት ወር ብቻ ነው፤ ወረድ ብሎ በደቃቅ ፊደል ደግሞ፣ ሠራተኛው ቤቱ በፍንዳታው ቢሰነጠቅ ካሣ እንደማይጠይቅ ተጽፏል።

"እንዲህ ነው ለካ" አለ ግላድስተን ቀስ ብሎ።

ሥራው ያስፈልገው ነበር። ያቺን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዞ ፈረመ፤ ሾፌር አጥሯቸው ስለነበር ተቀበሉት። የመንደሩ ሰውም ድርጅቱን ሲወተውት ከርሞ የሳምንቱ የፍንዳታ ሰዓት ሰኞ ሰኞ የመንደሩ ሱቅ በር ላይ እንዲለጠፍ አደረገ።

መስከረም ላይ ሚስተር ሊንዶ ከፈተናው ሊያርቋት ዴልሮዝን ወደ ሁለተኛ ክፍል አዛወሯት። በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ልክ በተለጠፈው ደቂቃ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ትንንሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ ስንጥቅ ይኖር እንደሆን ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና የእነ ሻኖይን ቤት ለማየት ወደ በሩ ወጣች።